ስሙን ደብቆ የሄደው ሰውና የፎንቆ ሴቶች

እናቴ ስለ ቢትኮይን መጀመሪያ የጠየቀችው ስንት እንደሚያወጣ አልነበረም። «የሠራው ሰው የማን ልጅ ነው?» ነው ያለችው። እኛ አካባቢ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ገና አረፍ ሳይል ጎሳው ይጠየቃል፣ አባቱ ይጠየቃል፣ እናቱ ከየት እንደተዳረች ይጠየቃል። ዝም ከተባለ እንዲያውም ይቀየማል። ታናሽ ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ በስልክ እየሳቀ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም አላት። በጃፓን ስም ይጽፍ ነበር፣ ግን ጃፓናዊ ይሁን አይሁን አልታወቀም፤ አንድ ሰው ይሁን ብዙ ሰው አልታወቀም፤ ሠርቶ ለዓለም ሰጠና ጠፋ። እናቴ ስልኩን መለሰችልኝና ልጄን ምን ነክቶብኝ ነው ብላ አየችኝ።

ነገሩ ለእኛ ቤት ቀልድ አልነበረም። ወንድሜ እንደ ብዙ የሀዲያ ወጣት በኬንያ በኩል እየተንከራተተ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ፣ አንድ ድሃ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ሱቁ ከአንዴም ሁለቴ ተዘርፏል። እዚያ ጥሬ ገንዘብ ቤት ማሳደር ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤ ባንኩ ደግሞ እሱ የሌለውን ወረቀት ይጠይቃል። በሰው እጅ የላከውም መንገድ ላይ ቀልጦ ቀርቷል። ስለዚህ ለእናታችን ከሚልከው የተረፈውን ሁሉ ቢትኮይን ይገዛበታል። ሆሳዕና ዳር ላይ መሠረቱ ወጥቶ ብረቱ ወደ ሰማይ የተቀሰረ ቤት አለው፤ እሱን የምጨርስበት ሲሞላልኝ እመጣለሁ ብሏል። እናቴ ቤቱ ቢቀር ግድ የላትም፣ የምትፈልገው ልጇን ነው። እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ስደት በኋላ ባዶ እጁን መግባትን እንደ ሞት ይፈራዋል። ኮይኑ ከጠፋ ልጁም አይመጣም ማለት ነው። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም።

እኔ ሆሳዕና የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ንዴትም ይቀድመኛል። መጀመሪያ የነገረኝ ጊዜ ጮህኩበት። ላብህን አየር ገዛህበት፣ የማይጨበጥ የማይዳሰስ ነገር፣ ባለቤቱ እንኳ የካደው አልኩት። እሱ እንደ ልማዱ እስክጨርስ ጠበቀና፣ እስቲ አንቺ ሂሳብ ታውቂ የለ፣ ከመሳደብሽ በፊት ተቀምጠሽ እይው አለኝ።

ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ ስለዚያ ሰውዬ ያወራ ነበር። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የፊዚክሱ አስተማሪ ሞቷል ይላል፤ ባይሞት ኖሮ እስካሁን ዝም አይልም ነበር ባይ ነው። የታሪኩ አስተማሪ የአሜሪካ ሰላዮች ሥራ ነው ብሎ ይምላል። የእናቴ ቤተክርስቲያን ወንጌላዊ ደግሞ በአጭሩ ዘግቶታል፤ የአውሬው ምልክት ነው፣ ስሙን የደበቀውም ለዚህ ነው። እናቴ ወደምትኖርበት ወደ ፎንቆ በምሄድበት ሚኒባስ አንድ ወጣት ነገ ብር የሚባል ነገር አይኖርም፣ ሁሉም በዚህ ይሆናል እያለ መኪናውን ሙሉ ሰበከ። ረዳቱ እጁን ዘርግቶ፣ እስከዚያው ድረስ ግን በብር ክፈል አለው። ያን ቀን እስከ ፎንቆ ስስቅ ነው የሄድኩት።

ግን እልኸኛ ነኝና ተቀምጬ አየሁት። ምን ልበላችሁ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ማን ለማን ስንት እንደላከ የሚጻፍበት መዝገብ በአንድ ሰው እጅ አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ያው አንዱ መዝገብ አላቸው፣ አንዱ ልሰርዝ ልደልዝ ቢል ሌሎቹ ያጋልጡታል። አለቃ ስለሌለው ጉቦ የሚበላ የለም። ይህን ያሰበ ጭንቅላት የማንም ይሁን የማን ባርኔጣ አነሳሁለት። ከሁሉ የገረመኝ ግን ወንድሜ በኋላ የነገረኝ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ ላይ ለራሱ ያወጣው ብዙ ኮይን አለ፤ ያ ሀብት ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ተቀምጧል፣ እስከዛሬ ግን የነካው የለም ይባላል። እኛ ለጸሎት ቤት አንድ ኩንታል ሲሚንቶ የሰጠ ሰው ስሙ በማይክሮፎን ካልተነበበለት ያኮርፋል። ይሄ ሰውዬ ዓለምን የሚያነጋግር ነገር ሠርቶ ስሙንም ሀብቱንም ጥሎ ሄደ። ዋጋው ነገ ይውጣ ይውረድ እኔ አላውቅም፤ እናውቃለን የሚሉትንም አላምናቸውም። ሰውዬውን ግን ወደድኩት፣ ሳልወድ በግዴ ወደድኩት።

ይህንኑ ለእናቴ በሀዲይኛ አስረዳኋት። «ሠርቶ ሳይበላ ሄደ? እንግዲህ ጥሩ እናት አሳድጋዋለች» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንጌላዊው ስለ አውሬው ሲያወራ እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ቀና ብላ አታየውም።

ወንድሜ አንድ ጭንቀት ነበረበት። ኮይኑ የሚከፈተው በአሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ ቃላቱን በቅደም ተከተል የያዘ ሰው ከየትኛውም ስልክ ይከፍተዋል፣ ቃላቱን ያጣ ደግሞ አለቀለት። በወረቀት ጽፎ ሱቁ ውስጥ ሸሽጓል፣ ግን ሱቅ ይቃጠላል። ስለዚህ አገር ቤት ላለ አንድ ሰው በቃል ሊያስይዝ ፈለገ። ለእኔ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንቺ ትጽፊዋለሽ፣ የተጻፈ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ይገኛል አለኝ። የመረጠው ፊደል ያልቆጠረችውን እናታችንን ነው። የአባታችንን ዘር ትንፋሽ ሳትወስድ እስከ ላይ ድረስ የምትቆጥር ሴት ናት፤ እሷ ዘንድ የገባ ነገር አይጠፋም። በደወለ ቁጥር አንድ አንድ ቃል እየጨመረ አስያዛት። ምንድን ናቸው ብትለው፣ ልፋቴን የሚጠብቁልኝ ናቸው፣ ለሰው እንዳትነግሪ አላት። እሺ አለች። እናቴ እሺ ካለች እሺ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ የደም ግፊት ክኒኗን ይዤላት ፎንቆ ሄድኩ። ቤት አልነበረችም፤ ሐሙስ የሴቶች ጸሎት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ጸሎት ቤት በር ላይ ስደርስ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። በሀዲይኛ ነው የምትጸልየው፣ መሀል ላይ ግን ባዕድ ቃል ይሰማል። ጌታ ሆይ ሪቨርን አበርታው ትላለች፣ ሴቶቹ አሜን ይላሉ። ሌመን እንዳያንቀላፋ ጠብቀው ትላለች፣ አሜን ይላሉ። ለዊንዶው ጉልበት ስጠው። አሜን። እንዲህ እያለች አሥራ ሁለቱንም ጨረሰች። አንዳንዶቹ ሴቶች ከእሷ ቀድመው የሚቀጥለውን ይሉ ነበር። የወንድሜ የስደት ዕድሜ ሙሉ በአደባባይ ሲነበብ፣ እኔ የክኒን ፌስታል ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ።

እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳትና ተቆጣኋት። ለሰው አትንገሪ አልተባልሽም ወይ ስላት የተበደለችው እሷ ሆነች።

«ለሰው መቼ ነገርኩ? ለእግዚአብሔር ነው የነገርኩት። ጠባቂዎች ናቸው አለኝ፤ ጠባቂ ደግሞ ይደክማል።»

ሳቄ እየመጣ ለወንድሜ ደወልኩና ነገርኩት። ሌመን እንዳያንቀላፋ? ብሎ ጠየቀኝና ሳቁ አላስቆም አለው። ከሴቶቹ የሚሰርቅ የለም፣ ግን ነገሩ ከእጅ ወጥቷል፤ ማታ ሱቅ ስዘጋ ኮይኑን ወደ ሌሎች አዲስ ቃላት አዛውረዋለሁ፣ ያኔ እነዚህ ቃላት ምንም አይከፍቱም አለ። እማንም እንዳትቆጪያት ብሎ ዘጋ።

ሱቁን ግን እሱ አልዘጋውም። ከመምሸቱ በፊት ዘራፊዎች መጡ። ወሬው ቅዳሜ ጠዋት ደረሰን፤ ሱቁ ተቃጥሏል፣ ወረቀቱም አብሮ ነዷል፣ ስልኩ ተወስዷል፣ እሱ ራሱን ተመትቶ ክሊኒክ ተኝቷል። በሕይወት አለ ተባልን። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ አላለቀሰችም።

እሁድ ከአገልግሎት በኋላ በአገሩ ልጅ ስልክ ራሱ ደወለ። ድምፁ ሰለል ብሏል። ቃላቱ ከራሱ ወጥተዋል፤ ጥቂቶቹ አሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ግን ተዘበራርቋል። እማን አቅርቢልኝ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያ ያደነቅኩት ነገር ሌላ ፊቱን ያሳየኝ። እኛ አገር ችግር ሲገጥም ሽማግሌ ይላካል፣ ይለመናል፣ ይታረቃል። እዚህ ግን ማን ጋ ይላካል? ቢሮ የለው፣ አለቃ የለው፣ የሠራውም ሰው የት እንዳለ አይታወቅ። ቃሉ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።

እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጀመረች። ሪቨር አለች። ቀጠለችና አራተኛው ላይ ቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ደግሞ ቆመች። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ አለ። ትንሽ ውሃ ጠጪ ብላት አልሰማችኝም፤ ሦስተኛ ጊዜ ሞክራ ጭራሽ የመጀመሪያውም ጠፋባት። ልጄን ገደልኩት አለች። ከዚያ ድንገት ብድግ አለች።

«ቁጭ ብዬ አይመጣልኝም። ስጸልይ ነው የምላቸው። ሴቶቹ ጋ ውሰጂኝ።»

ሴቶቹ ከጸሎት ቤቱ ግቢ ገና አልተበተኑም ነበር። ልጄ ተጎድቷል፣ እንደ ሐሙሱ ጸልዩልኝ አለቻቸው፤ ሌላ ምንም አላስረዳች። ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። እኔ መሀላቸው ቆሜ ስልኩን ሳልዘጋ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፤ ሪቨርን አበርታው፣ አሜን፤ ሌመንን ጠብቀው፣ አሜን። አራተኛውን አለፈችው። ሰባተኛው ላይ ግን ልጄ ስትል ድምጿ ተቆረጠና ልቅሶ ወሰዳት። ሁሉ ነገር ያበቃ መሰለኝ። ፎንቆ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ነበረች፤ ዓይኗን ሳትገልጥ እናቴ ከቆመችበት አንስታ ቀጠለች። ለእያንዳንዱ ጠባቂ ጉልበት ለመነችለት። የተቀሩት አሜን አሉ። በስልኩ ውስጥ ከእያንዳንዱ አሜን በኋላ ወንድሜ እሺ ይላል፣ ቀጥሎ ደግሞ እሺ ይላል። አሥራ ሁለተኛው ተባለ።

ወንድሜ ሁሉንም አንድ በአንድ እየደገመ ሲያስገባቸው ሰማሁት።

«ተከፈተ» አለ። «አለ። ሁሉም አለ።» ወዲያው እዚያው እንዳለ ወደ አዲስ ቃላት ማዛወር ጀመረ።

ሴቶቹ ጸሎት ላይ ስለነበሩ ይህን አልሰሙም። ምን እንደከፈቱም አላወቁም፤ ሪቨርና ሌመን ደቡብ አፍሪካ ያሉ የልጇ ዘበኞች መስለዋቸው ነው ያን ሁሉ ሐሙስ የጸለዩላቸው። አንዲቷም ደመወዛቸውን ማን ይከፍላል፣ ሃይማኖታቸው ምንድን ነው፣ የማን ልጆች ናቸው ብላ አልጠየቀችም። ስለ ሰው አእምሮ ብልጠት ስንት ጊዜ ሳወራ የኖርኩ ሰው፣ እነዚያን ሴቶች በመላ አካሌ አከበርኳቸው። እነሱ አሁን ለወንድሜ ራስ ምሕረት እየለመኑ ነበር።

ወንድሜ እመጣለሁ በይልኝ ለእማ አለኝ፤ ቤቱን ጨርሼ፣ እጄን ሞልቼ እመጣለሁ በያት። ራስህ ንገራት ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ሁሉንም ነገራት፤ እንደተከፈተ፣ ምንም እንዳልጎደለ፣ እግዜር እንደሰማት። እሷ ስለ ኮይኑ አንዲት ቃል አልጠየቀችም።

«ቁስልህን ማነው የሚያጥብልህ?» አለችው።

«ራሴ» አላት።

«እንግዲያውስ ቤቱ ይቅር። አሁን ና።»

የወንድሜ ልቅሶ ከዚያ ማዶ እኔ ድረስ ተሰማኝ።