የሮማኗ ዋስ

በትምህርት ቤት መጽሐፍ ጸደይ ከመጋቢት ማለቂያ እስከ ሰኔ ነው። ሰው ግን መጽሐፉን አላነበበም፤ ጸደይ ሲሉት የመስቀል አበባና መስከረም ነው ትዝ የሚለው። እኔ ተማሪዎቼን በመጽሐፉ አስተምራለሁ፤ አትክልተኛ ሆኜ ሳስበው ግን ሁለቱም ወገኖች መቀሌን አያውቋትም። የመቀሌ ጸደይ ከሰማይ ዝናብ፣ ከቧንቧ ውሃ የማይወርድበት፣ ነፋሱ የጎረቤትን አቧራ ለእኛ፣ የእኛን ለጎረቤት ሲያመላልስ የሚውልበት ጊዜ ነው። ዕፅዋት ደግሞ ያን ጊዜ መርጠው ያብባሉ። ወደ ሓወልቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ጃካራንዳዎች ቅጠል እንኳ ሳይኖራቸው ሐምራዊ ለብሰው ይቆማሉ። ማን እንደሚያጠጣቸው አይታወቅም። ባየኋቸው ቁጥር ቅናት ያንገበግበኛል።

አትክልተኛ ያልኩት ራሴን ነው፤ የሾመኝ የለም። እንጀራዬ ማስተማር ነው። ከሸዋ መጥቼ ዓይደር አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ከተከራየሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። በግቢው ውስጥ ሦስት ነን፦ እንደ አገሩ ልማድ «ኣደይ»፣ እናቴ፣ እያልን የምንጠራቸው አሮጊት የቤት ባለቤት፤ ከእኔ ጎን የሚኖር ከወሎ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ፤ እና እኔ። አራተኛዋ ከበሩ አጠገብ ያለችው ሮማን ናት።

ሮማኗ ድሮ ጎረቤቱን ሁሉ የምታጠግብ ዛፍ ነበረች። መብራቱም ጋዙም በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ እኔ ሸዋ፣ ወላጅ እናቴ ዘንድ ነበርኩ፤ ስመለስ ጉቶ ሆና ጠበቀችኝ። ኣደይ ለማገዶ ቆርጠዋታል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ የሚጠየቅም አልነበረም። ከጉቶው ሥር ቀንበጥ አውጥታ እንደገና የሰው ቁመት አከለች፤ ግን አኩርፋለች። በየዓመቱ ቅጠል ብቻ። አበባ የለም፣ ፍሬ የለም።

ኩርፊያዋ ችግር የሆነው ኣደይ የውሃ ታንከር ለመግዛት የቆረጡ ጊዜ ነው። ውሃ በቧንቧ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ ስለዚህ ታንከር ያስፈልገናል፣ ይህን የሚክድ የለም። ቦታው ደልዳላ መሆን አለበት፤ የውሃ መኪናው ጎማም ሊደርስበት ይገባል። ደልዳላውም፣ ለበሩ ቅርቡም ሮማኗ የቆመችበት ነው።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ኣደይ ምሳር ይዘው ወጡ። ሮማኗ ፊት ቆመው መጀመሪያ በትግርኛ ዘለፏት፤ ቀጥለው እኛም እንድንሰማ በአማርኛ መለሱት።

«አንቺ! አታብቢም፣ አታፈሪም፣ ቦታ ይዘሽ መገተር ብቻ! ዛሬ እቆርጥሻለሁ!» ምሳሩን ከፍ አደረጉና ወደ እኛ ዞሩ። «ዋስ የሚሆናት አለ?»

እኔ ዋስ የሚል ቃል ከሰማሁ ዝም ማለት አልችልም፤ የዘር ነው። አባቴ ለማያውቀው ሰው ሳይቀር ዋስ እየሆነ ያረጀ ሰው ነው።

«እኔ!» አልኩ እየሮጥኩ።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ግንቦት ልደታ።»

«እስከዚያ ፍሬ ካልያዘችስ?»

«በገዛ እጄ እቆርጣታለሁ!»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ኣደይ ምሳሩን አውርደው ገቡ። ጎረቤቴ ከበሩ ላይ ሆኖ አየኝ። «እህቴ፣ ለሰው እንኳ ዋስ ሲሆኑ ንብረት አለው ወይ ተብሎ ይጠየቃል እኮ» አለኝ።

ውሃ ማደን የጀመርኩት ከዚያ ዕለት ወዲህ ነው። አበው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብለዋል፤ እኔ ጥሩውን ከየት ላምጣ? ከእጣቢ ጀመርኩ። ደግነቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በጾም ወራት ዕቃ የታጠበበት ውሃ ቅቤ አይነካውም፤ ዘይቱም ከመወደዱ የተነሳ ለስሙ ነው። ሳሙናውን ወደ ኋላ አቆይቼ የመጀመሪያውን እጣቢ ለሮማኗ እወስድላት ነበር። በግቢያችን ከእሷ የበለጠ የጾመ አልነበረም።

ቀጥሎ እንግዳ መጥራት ጀመርኩ። በአገራችን እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ገበታ አይቀርብም፤ ያም ውሃ ነው። የሥራ ባልደረቦቼን በጨዋታቸው ሳይሆን በእጅ አስተጣጠባቸው መምረጥ ያዝኩ። ጣታቸውን ነክረው የሚያወጡትን ተውኳቸው። አንዲት የሒሳብ መምህርት አለች፣ እስከ ክርኗ ካልታጠበች የማይሆንላት፤ በዚያ ጾም እንደ እሷ ሽሮ የበላ ሰው የለም። ስለምን እንደወደድኳት እስከ ዛሬ አታውቅም።

የግቢው ምርጥ ውሃ ግን የጎረቤቴ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ ያደርጋል፤ ሳሙና የለበት፣ ቅባት የለበት። ሮማኗ ሥር ተቀምጦ እንዲታጠብ ስለምነው ደስ ብሎት ድንጋይ አምጥቶ መቀመጫ አበጀ። እንከኑ ቁጠባው ነው። ሃይማኖቱ ውሃ አታባክን ይለዋል፣ እሱም በአንዲት ብርጭቆ ውሃ ከአፍ እስከ እግር ይጨርሳል። ስለዚህ በትሕትና «ቆይ እኔ ላስታጥብህ» ብዬ ማንቆርቆሪያውን ወሰድኩና አንዠቀዠቅኩት።

«ኧረ በአላህ ይበቃል!»

«ክርንህ አልራሰም።»

«ዛሬ ደግሞ ውዱእ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ከማግስቱ ጀምሮ ማንቆርቆሪያውን ከእኔ ደብቆ ያስቀምጥ ነበር።

ፍግም አስፈለገ። ከቁሓ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገዝቼ በባጃጅ ጫንኩት። ሾፌሩ ገና መንገድ ሳንጀምር አፍንጫውን ያዘ።

«መምህር፣ እንታይ እዩ እዚ? ምንድን ነው?»

«ጤፍ ነው።»

«መቼ የሞተ ጤፍ?» አለኝና እስከ ዓይደር ድረስ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ ነዳ።

ኣደይ ይህን ሁሉ ያያሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «ዋስ፣ ውሃ አገኘሽ?» ብቻ ይሉኛል። ስሜ ዋስ ሆኖ ቀረ።

በፋሲካ ማግስት እንደ በርበሬ የቀላ እምቡጥ አየሁ። ጮህኩ። ጎረቤቴ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት በባዶ እግሩ ወጣ። በሳምንት ውስጥ ሮማኗ ከላይ እስከ ታች ቀላች፤ እኔም በግቢው ውስጥ ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርኩ። አልዘለቀም። ሮማን ሁለት ዓይነት አበባ አላት፦ ሥሩ ወፈር ያለው ፍሬ ይሆናል፤ ሥሩ ሾጠጥ ያለው ግን ታይቶ፣ ተኩነስንሶ ይወድቃል። የእኔዎቹ ሁሉም ለመታየት የመጡ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት መሬቱ ቀይ ሆኖ አገኘዋለሁ። ኣደይ ከማየታቸው በፊት እየለቀምኩ በቀሚሴ ኪስ እደብቃለሁ። ልደታ ሲቃረብማ ብሶብኝ፣ ከወደቁት አበቦች ሁለቱን በቀይ ክር መልሼ ቅርንጫፉ ላይ አሰርኳቸው።

«እህቴ» አለ ጎረቤቴ ከኋላዬ፣ «ዋስ መሆን ያባት ነው። የሐሰት ማስረጃ ግን ያሳስራል።»

የልደታ ዕለት ባደግሁበት አገር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ ንፍሮ ይበላል። እኔም ንፍሮዬን ቀቅዬ ምንጣፉን ሮማኗ ሥር ዘረጋሁ። አምልኮም፣ ተንኮልም ነበረበት፤ ሰው ተቀምጦ የሚበላበትን ዛፍ ማን ይቆርጣል? ጎረቤቴን ጠራሁት። ኣደይም መጡ፣ ምሳሩን ይዘው።

«ቀጠሮ ይሰጠኝ» አልኩ ገና ሳይቀመጡ። «ዝናቡ ሳይጀምር ፍርድ ማን ሰጥቶ ያውቃል? እስከ ሐምሌ ቢራዘም…»

ኣደይ አልሰሙኝም። ሮማኗን ዞሯት፤ አንዱን አበባ ያዝ አደረጉት፤ ክሩ ተመዝዞ እጃቸው ላይ ቀረ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት።

«ዋይ ኣነ! በሸዋ ሮማን በክር ነው የሚያብበው?»

ጎረቤቴን ንፍሮው ትን አለው። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ዐይኔ እምባ ሞላ፤ ራሴም ገረመኝ። «ኣደይ፣ እባክዎ አይቁረጧት» አልኩ። «ውሃውን ከየትም ተሸክሜ አመጣለሁ። እኔ አልቆርጣትም። ዋስ ነኝ ብዬ ዋሽቻለሁ፣ አልችልም። እወዳታለሁ።»

ኣደይ ምሳሩን መሬት ላይ አስቀምጠው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«ስምዒ፣ ጓለይ፣ ስሚኝ ልጄ። ማን ይቆርጣታል? ታንከሩን ሌላ ቦታ ነው ያሰብኩለት። እኔ በተወለድኩበት አገር አላፈራ ያለን ዛፍ በምሳር ያስፈራሩታል። አንዱ ያስፈራራል፣ ሌላው ዋስ ሆኖ ይለምንለታል። ዛፉ ይሰማል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ከልብሽ ትለምኚላት ነበር?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኔ ልለምናት አልችልም። በዚያ ጊዜ በዚህ እጄ ነው የቆረጥኳት። ምሳር ስይዝ ታምነኛለች፤ ስለምናት ግን አታምነኝም።»

 ነፋሱ ያን ሰዓት አቧራውን ለጎረቤት ትቶ ነበር። ኣደይ እጃቸውን ሰደዱና ታች ያለውን ቅርንጫፍ ገለጥ አደረጉ። በቅጠሉ ሥር አንዲት አበባ ቀይ ልብሷ ረግፎ፣ ሥሯ የዋንዛ ፍሬ አክሎ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ዘውድ ደፍቶ ተቀምጧል። ከላይ ያሉትን በክር ሳስር ታችኛዋን አላየኋትም ነበር።

«ጽቡቕ፣ መልካም ነው» አሉ ኣደይ። «አንድም ቢሆን ፍሬ ነው።»

ታንከሩ በማግስቱ መጣ። የውሃ መኪናው ጎማ እንዲደርስበት ተብሎ ሌላው ደልዳላ ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ እሱም የእኔ መስኮት ፊት ነው። ስጮህ ኣደይ «ዋስ ይከፍላል አይደል?» አሉኝና ገቡ። አሁን በቀትር መብራት አብርቼ ነው ደብተር የማርመው። ድሮ አልጋዬ ላይ ሆኜ የማያትን ሮማን ለማየት ወደ ውጭ መውጣት አለብኝ።

ጠዋት ስወጣ ብዙ ጊዜ ኣደይ ቀድመውኝ ይገኛሉ። እጃቸውን ቅርንጫፏ ላይ ጣል አድርገው፣ በትግርኛ፣ በቀስታ፣ እየለመኗት ነው። ያየኋቸው እንዳይመስላቸው ከታንከሩ ኋላ ቆሜ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።