ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ

እንጀራዬ ኮምፒውተር ላይ ብረት መሣል ነው። ቀሐ አካባቢ ባለ ብረታ ብረት ቤት ተቀምጬ የወፍጮ እህል ማፍሰሻ፣ የውኃ ታንከር፣ የጭስ መውጫ እሥላለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ላዩ አራት ማዕዘን፣ ታቹ ክብ የሆነ ነገር ነው። ሁለቱን ቅርጾች አስቀምጬ «ሎፍት» የሚለውን ትእዛዝ ስነካ ፕሮግራሙ መካከሉን ራሱ ይሞላዋል፤ ማዕዘኑ ቀስ እያለ ይለዝብና ክቡ ውስጥ ይገባል። ሸጋ ነገር ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ሸጋነቱ ነው፤ ስክሪን ላይ የማይገጥም ነገር የለም።

አባቴ ድብ ባሕር አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ውጭዋ ክብ፣ መቅደሷ አራት ማዕዘን ነው። የመቅደሱ ግድግዳና ጣሪያውን የሚሸከመው ክብ ማገር የሚገናኙበት እንጨት በስብሶ፣ ባለፈው ክረምት ዝናቡ መቅደስ ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። ሌላ ክረምት ሳይገባ አባቴ እኔ ዘንድ መጡ። ከአራት ማዕዘን ተነሥቶ ክብ የሚሆን የላሜራ አንገት ነበር የሚያስፈልጋቸው። የወፍጮ አፍ ገልብጬ እሰጥዎታለሁ ብዬ ቀለድኩ፤ አልሳቁም።

መለካቱ ነበር ጣጣው። እኔ መቅደስ አልገባም፤ ሠራተኞቻችንም አይገቡም። አባቴ ራሳቸው ገብተው የአራቱን ጎን ልክ በሲባጎ ቋጥረው አመጡልኝ። አራት ጎን ብቻውን ግን ቅርጹን አይነግረኝም። ጎኖቹ ልክ ሆነው ቤቱ እንደ ላላ አልጋ ሊንጋደድ ይችላል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አግድመው አንድ ሲባጎ እንዲለኩልኝ ለመንኳቸው።

«እሱ በመንበሩ ላይ ያልፋል» አሉኝ። «ታቦት ካረፈበት በላይ ገመድ አልዘረጋም።»

ታቦቱን ለጊዜው ለምን ሌላ ቦታ አያሳርፉትም ብላቸው፣ የሚያርፍበት መቃኞ እስኪሠራ ዝናቡ አይጠብቀንም አሉ። እናም ማዕዘኖቹን ቀጥ ያሉ ናቸው ብዬ ገምቼ ሣልኩ። በበሩ እንዲገባ በአራት ክፍል አስቆረጥኩት፤ ስሕተቴን ይውሰድልኝ ብዬ የብሎኖቹን ቀዳዳ ሰፋ አደረግሁት። አይሱዙ ላይ ጭነን ስንሄድ ሠራተኞቹ አምባ ጊዮርጊስ ወርደው ቁርስ በሉ፤ እኔ ከመኪናው ሳልወርድ ሥዕሉን ደጋግሜ አየሁ። ስንደርስ እናቴ ሰላም ሳትለኝ፣ አባትሽን በእግራቸው እንደገቡ በእግራቸው አምጭልኝ አለችኝ።

አባቴና አንድ ጓደኛቸው፣ እሳቸውም ሽማግሌ ቄስ፣ ምንም ሳይቀምሱ ገቡ። እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ ከመጋረጃው ውጭ ቆምኩ። ሦስቱ ላሜራዎች ገጠሙ። የብሎኖቹ ዳዶ ሲጠብቅ እየሰማሁ፣ ተመስገን ማለት ጀምሬ ነበር። አራተኛው እምቢ አለ። ከወዲያ ሆነው በአንደኛው ማዕዘን በኩል ክፍተቱ እጅ ያስገባል አሉኝ። ምነው አፌን በቆረጠው፣ ገፋ ያድርጉት አልኳቸው።

የተወጠረው ላሜራ ተስፈነጠረ። መሰላሉ ተንሸራቶ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ፤ የሰው ድምፅ ግን የለም።

«አባባ!»

«አለሁ» አሉ ከላይ። ማገሩን ይዘው መንጠልጠላቸውን ጓደኛቸው ጮኸው ነገሩኝ።

ጓደኛቸው መሰላሉን ብቻቸውን ማንሣት አቅቷቸው ያቃስታሉ። ከኋላዬ ያሉት ሠራተኞች፣ ብረት እንደ ላባ የሚያነሡ ጎረምሶች፣ በቆሙበት ደርቀዋል። መንበሩ ከአባቴ እግር ብዙ እንደማይርቅ ገብቶኛል።

«አባባ፣ በፈጠረዎት፣ ከሥርዎ ባለው ነገር ላይ እግርዎን ያሳርፉ! እግዜር ያይልዎታል።»

«እዚህ እግር የሚያርፍበት የለም፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው።

እንዳለ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። መጋረጃውን ጨብጫለሁ። ልግባ እላለሁ፣ ብገባ አይተውኝ እጃቸውን ይለቃሉ እላለሁ። የአባቴ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። እንዲያ ስል መሰላሉ ግድግዳውን ጓ አድርጎ መታው፤ ጓደኛቸው እንዴት እንዳነሡት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ በእግራቸው ወጡ። ላሜራው መዳፋቸውን ቀዶታል፤ ነጠላዬን ቀድጄ አሰርኩላቸው። ፍርሃቴ ወደ ንዴት ዞሮ ተቆጣኋቸው፤ ቢወድቁስ ኖሮ፣ እዚያ ላይ ተንጠልጥለው ምን እያሰቡ ነበር አልኳቸው።

«በየት በኩል ብወድቅ መንበሩን እንደማልነካ ነዋ» አሉ። «በግድግዳው ጥግ ድንጋይ አለ። ወደዚያ ለመዞር ስሞክር ነው መሰላሉ የደረሰ።»

ከዚያ ቀና ብለው ደመናውን አዩና አራተኛዋን ቶሎ አስተካክዬ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ማን ሊሰቅላት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማን ይገባል ብለሽ ነው» አሉኝ፣ የታሰረ እጃቸውን እያዩ። «እኔው ነኛ።»