እግሬ የማይረግጠው ወደብ

ኀሙስ፣ ንጋት። ደብረ ኤልያስ

ወፍ ሳይንጫጫ ከአጎቴ ቤት ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የምኖረው ሞያሌ ነው፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ በዘጠኝ ዓመት ሰውነቴ ቆላውን ለምዶታል። ወንድሜ ይበልጣል ባሕር ዳር ሞተር ጀልባ ይነዳ ነበር። ጉበቱን ታመመና በአጭር ጊዜ ሄደ። አስከሬኑ ወደዚህ መጥቶ ሲቀበር እኔ ገና ሐዋሳ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። የደረስኩት በማግሥቱ ነው፤ ለአፈሩ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። እስከዛሬ ያልሰሙት አባታችን ብቻ ናቸው። እናታችን ካረፈች በኋላ መንኩሰው ጣና ላይ ካለች ደሴት ገዳም ገብተዋል። ዐይናቸው ደክሟል። ስልክ የላቸውም። ቢኖራቸውስ መርዶ በስልክ ይነገራል? ደንቡ ሌላ ነው፤ በማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ሽማግሎች ጎረቤት ሰብስበው፣ ሰውየውን መሃል አድርገው ነው የሚነግሩት።

ሽማግሎቹ ሊሄዱ ሲሰናዱ መንገድ ተዘጋ። ትናንት ተከፈተ ሲባል አጎቴ ጋሼ ሞላ ጉልበታቸውን እያሹ ጠሩኝ።

«ወንዶች ተሰብስበን ብንነሣ በየኬላው ስንጠየቅ መዋላችን ነው። አንቺ ሂጂ። ባሕር ዳር አያሌው አለ፤ እሱ ደሴቱ ላይ ወርዶ ይነግራቸዋል።»

«ሴት አይገባበትም እኮ፣ ጋሼ። እኔ ምን ላደርግ?»

«ዳር ድረስ ትደርሻለሽ። ከአንድ ተሳላሚ አፍ አምልጦ ሳይሰሙ፣ ከገዛ ልጃቸው ይምጣላቸው።»

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ቀብሩ አምልጦኛል፤ ይህ ደግሞ እንዳያመልጠኝ።

ኀሙስ፣ ረፋድ። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ

ማርቆስ መናኸሪያ ሁለት ሰዓት ጠብቄ ሚኒባስ አገኘሁ። ሰው ብዙ፣ መኪና ጥቂት፤ ታሪፉ እንደ ሾፌሩ ፊት ይለዋወጣል። ከከተማው ስንወጣ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ አጫጆች ጎንበስ ብለው ተደርድረዋል። ደምበጫን አለፍን። ኬላ ላይ ወርደን መታወቂያ እያሳየን በእግራችን ተሻገርን፤ ከዚያም ሌላ ኬላ። ኮሶበር ላይ ሴቶች የተቀቀለ ግብጦ በመስኮት ይዘረጋሉ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አንድ እፍኝ ገዝተው ግማሹን ለእኔ ዘረጉልኝ። ጥቁር ልብሴን አይተዋል።

«የማን ነው፣ ልጄ?»

«የወንድሜ።»

«ታናሽሽ?»

«ታናሼ።»

ወደ ሾፌሩ ዞሩ። ዘፈኑን እንዲዘጋ አዘዙት።

«እማማ፣ ሳልሰማ እንቅልፍ ይወስደኛል!»

«እንቅልፍ ከወሰደህ እኔ እቆነጥጥሃለሁ። ዝጋው!»

ዘጋው። እስከ ዳንግላ የሞተሩን ድምፅ ብቻ እየሰማን ሄድን።

ዓርብ። ባሕር ዳር

አያሌው የይበልጣል የሥራ ባልደረባ ነው። ሁለቱ የሚሠሩባት ጀልባ ነጭ ናት፤ ከኋላዋ ሁለት ሞተር፣ ከጎኗ አሮጌ የመኪና ጎማ ተንጠልጥሎባታል። ይበልጣል መሪውን ይይዛል፣ አያሌው ገመድ ይዞ ይወርዳል። ሥራቸው እንዲህ ነበር። ከመሪው አጠገብ ሁለት የሞተር እጀታ አለ፤ በግራው ጫፍ ላይ ላስቲክ ተጠቅልሏል፤ የወንድሜ እጅ አልፍቶታል። ብዙ ጊዜ አየሁት፤ መንካት ግን አቃተኝ።

«ነገ ማን ይነዳል?» አልኩት።

«ሦስት ካፒቴን ለመንኩ፣ ሲስተር። ‹የይበልጣልን መርዶ ለአባ? በእኔ እጅ አይሄድም› አሉ ሦስቱም።» ጎማውን ማጥበቅ ያዘ። «የደሴቷ ወደብ ድንጋይ ነው፤ ማሰሪያ የለውም፤ ነፋሱም ይገፋል። አንድ ሰው ገመድ ይዞ ይወርዳል፤ አንድ ሰው በሞተር ይይዛታል። አንቺ ደግሞ መሬቱን መርገጥ አትችይም። እንግዲህ መሪው ያንቺ ነው።»

መኪና እንኳ ነድቼ አላውቅም። አማተብኩና ተቀመጥኩ።

«መሪውን ተይው! ቀጥ አድርገሽ እርሺው። ዳር ስትጠጊ የምትነጂው በሁለቱ እጀታ ነው።» የግራው እጀታ ለግራ ሞተር፣ የቀኙ ለቀኝ። ሲገፉት ወደፊት፣ ሲስቡት ወደ ኋላ፣ መሃል ላይ ፎሌ፤ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይገፋም። ቀኙን ገፍቼ ግራውን ስስብ ጀልባዋ በቆመችበት ወደ ግራ ዞረች። ደንግጬ ሁለቱንም ለቀቅኩ።

«በሬ ነው» አለ አያሌው። «አንዱ ሲጎትት፣ አንዱ ሲገታ ይዞራል። የገበሬ ልጅ አይደለሽ?»

«ሴት እርፍ ጨብጣ ታውቃለች?»

«ይኸው ጨበጠች!»

መጀመሪያ ወደ ዳር ስጠጋ ፈጠንኩ። ጎማው ግንቡን መትቶ ጀልባዋ ዘለለች፤ አያሌው በጉልበቱ ወደቀ። «ሲስተር! ይህ መርፌ አይደለም፤ ወግተሽ አትወጪም!» ታንኳው ላይ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ትቶ ሳቀብን፦ «አያሌው፣ ወደቡን ልታፈርሱት ነው?»

ለካ ውሃ ላይ ፍሬን የለም። ጀልባ የታዘዘችውን የምትሰማው ዘግይታ ነው። ማርሽ ያስገባሉ፣ ያወጣሉ፣ ይጠብቃሉ። እኔ ጠንቃቃ ነኝ፤ ታማሚ ሳይ አልቸኩልም። እዚህ ግን መጠበቁ ነው ያቃተኝ፤ ዝም ስትል ያልሰማችኝ እየመሰለኝ እጨምራለሁ፤ ከዚያ የፊተኛውም የኋለኛውም ግፊት አንድ ላይ ይመጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንለማመድ ቆየን። ከሰባት ሙከራ ሁለቱን ብቻ አያሌው ሳይጮህ ጨረስኩ። ሽሮ ስንበላ የነገውን ሥርዓት ተነጋገርን።

ቅዳሜ፣ ማለዳ። ደሴቷ

ውዳሴ ማርያም ደግሜ፣ እህል ሳንቀምስ ተነሣን። ሐይቁ ረጋ ብሏል። ሥርዓቱን ተነጋግረን ጨርሰናል፤ እኔ ጀልባዋን አስጠጋለሁ፤ አያሌው ወርዶ ለአበምኔቱ ይነግራል፤ አባቶች ይሰበሰባሉ፤ አባታችንን መሃል አድርገው ያረዷቸዋል። ከዚያ ደግፈው እስከ ውሃው ዳር ያመጡልኛል።

ወደቡ ሲታየን ነፋስ ተነሥቷል፤ ድንጋዩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ወይባ ልብስ፣ መቋሚያ።

«አባ ናቸው» አለ አያሌው። ፊቱ ጠቆረ። «የሁለቱን ሞተር ድምፅ ሰምተው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይበልጣል ሲመጣ እንዲህ ይወርዱ ነበር። እኔ… ረሳሁት።»

ያን ሁሉ ስናስብ ጀልባዋ እየጮኸች እንደምትሄድ አላሰብንም። መመለስ አይቻልም፤ አባቴ ፈገግ ብለዋል።

«ይበልጣል! ምነው ወር ሙሉ?»

ቀኙን አስገባሁ፣ አወጣሁ። ግራውን አስገባሁ። አያሌው ገመዱን ይዞ ድንጋዩ ላይ ዘለለ፤ የእጅ መስቀላቸውን ተሳለመ፤ ከዚያ አፉ ተያዘ። አባቴ ጆሯቸውን ወደ ጀልባዋ አዘነበሉ።

«ዛሬ ማን ነው የያዘው? ይበልጣል እንዲህ አያንገጫግጭም።»

«እኔ ነኝ፣ አባ። የሻረግ ነኝ።»

«የሻረግ? ከሞያሌ?»

ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። ገብቷቸዋል። ነገር ግን መርዶ በግምት አይታለፍም፤ መነገር አለበት። ወደ አያሌው አየሁ፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ጎረቤት የለ፣ ሽማግሌ የለ።

«አባ፣ ይበልጣል ዐረፈ።»

ውሃው ጎማውን እየመታ ይጮሃል።

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«ቆርቦ ነው?»

«የንስሐ አባቱ አቁርበውታል ብለው ነገሩኝ። እኔ አልደረስኩም።»

«አልደረስሽም?»

«አልደረስኩም፣ አባ።»

መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። በመካከላችን ያለው ውሃ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ልሳለም ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ አንድ እጄን ብለቅ ግን ነፋሱ ይወስደኛል። ስነሣ የግራውን እጀታ ሳላውቀው ገፍቼው የጀልባዋ አፍንጫ ወደ እግራቸው ዞረ። አያሌው ጮኸ። አባቴ ንቅንቅ አላሉም።

«የሻረግ» አሉ የሞተሩን ድምፅ አዳምጠው፣ ቀስ ብለው፤ «ግራው በዝቷል። ቀንሺው።»

ወደ ፎሌ መለስኩት፤ ጠበቅሁ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ተስተካከለች። ያን ጊዜ አባቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ቆባቸውን ዐይናቸው ላይ ጎትተው፣ ያለ ድምፅ አለቀሱ።

ጩኸቱን ሰምተው አባቶች ወረዱ። ግራና ቀኝ ደግፈው ሲያነሷቸው አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፍትሐት ይደረግለታል። እስኪያልቅ እዚያው ቁሚ። አያሌው፣ አንተ ከእኛ ጋር ና።»

ዳገቱን ወጡ፤ ዛፎቹ ሸፈኗቸው። አንድ አባት ገመዱን ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ የጸሎቱ ድምፅ በነፋስ እየመጣ እየሄደ ተሰማ። የወንድሜ ስም የተጠራ ሲመስለኝ ጎንበስ እላለሁ። ነፋሱ በረታ። ቀኙን አስገባለሁ፣ አወጣለሁ፤ ግራውን አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። እንባዬን መጥረጊያ እጅ አልነበረኝም፤ እስከ አንገቴ ወረደ።

አያሌው ሲመለስ ጀልባዋ እዚያው ነበረች።