ከሞጣ የመጣው ጓያ

ቢቸና አስተምር በነበርኩበት ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ አንድ ዓመት ክረምቱ ያለ ወትሮው ቶሎ ወጣ። የመጀመሪያ ልጃችን ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ኩፍኝ ይዟት ከተረፈች ወዲህ ሰውነቷ አልመለስ ብሎን ተጨንቀናል። በጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆኖ ቁስል የሚያክመው፣ የሸዋ ሰው የሆነው ባለቤቴ «እንቁላል ከአፏ መጥፋት የለበትም» ብሎ ከደብረ ማርቆስ ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች አስመጣልን።

እነዚያ ዶሮዎች እንደ አገራችን ዶሮ ጓሮ ጭረው ሆዳቸውን አይሞሉም። ጠዋት ገብስ በትኜላቸው ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ስመለስ አሁንም ይጮኻሉ። ጥቅምት ላይ የእንቁላሉ ቅርፊት ሳስቶ ጣት ሲነካው የሚሰረጉድ ሆነ። ቀጥለው እርስ በርሳቸው ላባ መነቃቀል ጀመሩ።

«ገብስ ብቻውን አይሆናቸውም» አለ ባለቤቴ። «ፋጉሎና አጥንት ይፈልጋሉ።»

አጥንቱን አቃጥዬ ወቀጥኩ። ኑግ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ ግን ከገበያ ጠፍቷል፤ ሰዉ ለበሬው ተሻምቶ ወስዶታል። ገብሱም በየሳምንቱ እየተወደደ ሄደ። ሰው እህል ባጣበት ገበያ ለዶሮ ገብስ ማሰፈሩ ያሸማቅቀኝ ነበር።

በዚህ መሃል አክስቴ ከሞጣ መጣች። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። የዶሮ መኖ እንደቸገረኝ ከነጋዴዎች ሰምታ አህያዋ ላይ አንድ ስልቻ ጭናለች። ስፈታው ጓያ ነው። ክው አልኩ። የአክስቴን ትልቅ ልጅ ጓያ እግሩን ሰብሮት በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ስልቻውን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼ ከቤቴ ይውጣ! ልጄ የምትበላው እንቁላል ከጓያ አይመጣም።»

«ለዶሮ ነው እንጂ ለሰው አላልኩም» አለች አክስቴ ነጠላዋን እየሰበሰበች።

«የልጅዎን እግር እያዩ እንዴት ይኼን ጭነው ይመጣሉ?»

«እሱን የሰበረው እንፋሎቱ ነው። አሁንማ ስቀቅለው በሩን ከፍቼ፣ ልጆቹንም ደጅ አስወጥቼ ነው።»

«ስትቀቅዪው?» አልኩ። «እቴቴ፣ ዛሬም ትበሉታላችሁ?»

የስልቻውን አፍ መልሳ ማሰር ጀመረች። «ታዲያ ምን እንብላ? ጤፉ ውሃ አጥሮት ደረቀ። ገብሱን ውርጭ መታው። ይኼንንም ከዚያው ቀንሼ ነው ያመጣሁልሽ።»

ባለቤቴ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩ ከእንፋሎቱ ሳይሆን ከእህሉ መሆኑን ነገራት። መተው ካልቻሉ ሌላ እህል እንዲቀላቅሉበት፣ ዘፍዝፈው ውሃውን እንዲደፉት ለመናት።

«ይኼን የምታውቁ ሰዎች ያኔ ልጄ ሲሰበር የት ነበራችሁ?» አለችው። ቁጣ አልነበረባትም።

በማግስቱ የዶሮዎቹን ገብስ ከቤታችን እህል ጋር ደባልቀን ጫንላት። ባለቤቴ ጓያውን ሊደፋው ሲያነሳ አክስቴ ስልቻውን ከእጁ ተቀበለችው።

«እህል ነው፤ አይደፋም» ብላ በአህያዋ በሌላኛው ጎን አሰረችው። እያየናት ይዛው ሄደች።

አብዛኞቹን ዶሮዎች አረድናቸው። የቀሩትን በጎመን ቅጠል፣ በወፍጮ ቤት ጥራጊና በተወቀጠ አጥንት አቆየናቸው። ጥቂት ቢጥሉም ቅርፊቱ ጠነከረ፤ ልጃችንም ቀስ በቀስ ሥጋ ለበሰች። እኔ ግን ባጎረስኳት ቁጥር ሞጣ የሚበላው ድቅን ይልብኝ ነበር።

ሁዳዴ ሲጋመስ የአክስቴ ትንሿ ልጅ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እግሯ ተሳስሮ እንደወደቀች ተላከብን። ባለቤቴ በዚያው ቀን በቅሎ ለምኖ ወደ ሞጣ ተነሣና ከቀናት በኋላ ይዟት መጣ። አክስቴ ገብሱን ምርኩዝ ለያዘው ትልቁ ልጇ እየሰጠች፣ እሷና ትንሿ ጓያውን ይበሉ ኖሯል።

ልጅቷ እኛ ዘንድ አደገች፤ ከእኔም ጋር ትምህርት ቤት ትመላለስ ነበር። በሽታው አልባሰባትም፤ ጉልበቷ ግን አልተዘረጋም፤ እስከ ዛሬ የእግሯ ጣት መሬት እየጫረ ትራመዳለች። አክስቴን ቢቸና ትኑር ብለን ብዙ ጊዜ ለመንናት። «ያኛውን ለማን ጥዬ?» እያለች ሞጣ ቀረች።