ተኝቶ የተነሣ ጉልበት

ራጅ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶቶሬ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና ሁለት ነገር አዘዘኝ፤ በሽተኛው እንዳይንቀሳቀስ፣ እኔም እንዳልናገር። ስለ በሽታው የሚናገረው ፊልሙ ነው አለኝ። ዶቶሬ የምንለው አስመራ የተወለደ ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር። ጣሊያንኛን ለሕክምና፣ ትግርኛን ለስድብ ይጠቀምባቸው ነበር። አማርኛን ለእኔ ተወልኝ።

ማዕረጌ ረዳት ራጅ አንሺ ነበር። አማርኛ ትምህርት ቤት ስለ ተማርኩ ግን ጸሐፊም አስተርጓሚም እኔው ሆንኩ። የንጉሡ መንግሥት ኤርትራን ከቀላቀለ ወዲህ ከሐኪም ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ወረቀት በአማርኛ መጻፍ ነበረበት። ለቤት ሥራ በሚበቃ አማርኛ የሰው እንጀራ መወሰን ሊያስፈራኝ ሲገባ አኮራኝ።

ጉልበት በራጅ የምናነሣው እንዲህ ነበር። በሽተኛውን ጠረጴዛው ላይ እናስተኛለን፤ ፊልሙ ያለበትን ጠፍጣፋ ካሴታ ከጉልበቱ ሥር እናስገባለን፤ ከግድግዳው ጀርባ ሄደን ትንፋሽህን ያዝ እንላለን። ጉልበት አይተነፍስም፤ ግን ልማድ ነው። ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብተን ፊልሙን አጥበን እናደርቅና የመብራቱ ሳጥን ላይ እንሰቅለዋለን። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ሰፊ ጥቁር ክፍተት ካለ ደህና ነው። ክፍተቱ ከጠበበ፣ የአጥንቱም ጠርዝ እሾህ ካወጣ መገጣጠሚያው እያለቀ ነው።

ሕጉ ይህ ነበር። ጉልበቶቹ ግን ሕጉን አልሰሙም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሻሂ የሚሸጡ ሸኽ ይማም የሚባሉ የወሎ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ተንሸራተው ወደቁና ስብራት እንዳይኖር ብለን ራጅ አነሣናቸው። ስብራት አልነበረም። ክፍተትም አልነበረም፤ አጥንት አጥንት ላይ ተቀምጧል፣ ጠርዙ እሾህ ብቻ ነው። ጉልበትዎን ያመዎታል ወይ ብላቸው "የትኛውን?" አሉኝ። አንዱም አላመማቸውም፤ በማግስቱ እንደ ወትሮው ቆመው ሻሂ ይቀዱ ነበር።

በዚያው ሰሞን ኣያ ተኽለ ዓባ ሻውል ከሚባለው የአስመራ ሰፈር መጣ። ማቶኔላ የሚሉትን የወለል ንጣፍ ጡብ አንጣፊ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ተንበርክኮ የሠራ፣ ቄስ እንኳ እንደ እሱ ያልተንበረከከ ሰው። ደረጃ ሲወርድና ከተንበረከከበት ሲነሣ ያመዋል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለጥቂት ጊዜ እግሩ አልታጠፍ ይለዋል። የሚሠራበት ድርጅት ማቶኔላ መቁረጫ ማሽኑ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩበት ቦታ ነበረው። ሹሙ ሐኪም ከጻፈልህ እሰጥሃለሁ ብሎታል።

አስተኝቼ አነሣሁት። ፊልሙ ንጹሕ ነበር። ዶቶሬ አየና "ኒየንተ" አለ፤ ምንም ማለቱ ነው። ተረጎምኩለት።

"እሞ የሚያመኝ ማን ነው?" አለ ኣያ ተኽለ።

ዶቶሬ ትከሻውን ሰበቀ። እኔም ወረቀቱ ላይ "ጉልበቱ ደህና ነው" ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ አማርኛ ነበር፤ መምህሬ ስሕተት አያገኝበትም።

በሳምንቱ እያነከሰ ተመለሰ። ሹሙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሕግ አክባሪ ሰው ነው። ወረቀቱን አንብቦ ሐኪም ጉልበትህን መስክሮልሃል አለውና ሲሚንቶ ተሸካሚዎች መሃል መደበው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ።

"ጉልበት አነሰኝ መች አልኩህ?" አለኝ ኣያ ተኽለ። "ኣነ ብርከይ እዩ ዘሕምመኒ።"

እኔን የሚያመኝ ብርኪዬ ነው ማለቱ ነው። በትግርኛ ጉልበት ኃይል ነው፤ የሚታጠፈው ብርኪ ይባላል። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ስም ይበቃቸዋል ብሎ ብርኪን "ተንበረከከ" የሚለው ቃል ውስጥ ደብቆታል። ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ ባዩ እኔ ይህን ረሳሁ። ፊልሙ አልዋሸም፣ ዶቶሬ ያየውን ተናገረ፣ ሹሙ የተጻፈውን አነበበ። ሁሉም ትክክል ሆኖ ሰውየው ሲሚንቶ ይሸከማል።

ሹሙ ዘንድ ሄጄ ቃሉን አስረዳሁ። ገባው። ግን ፊልሙ ላይ ካልታየ ሕመሙ የት ነው ያለው ብሎ ጠየቀኝ። ሰውየው ላይ አልኩት። ሰውየውማ ሁልጊዜም አለ፣ ወረቀት አምጣ አለኝ።

ኣያ ተኽለን እንደገና ጠረጴዛው ላይ ላስተኛው ስል እጄን ያዘኝ።

"ተኝቼ መች አመመኝ? አንተ እኮ አስተኝተህ ነው የምትጠይቀው።"

እውነቱን ነው። አስተኝተን የጠየቅነውን ምስክር ምንም አያውቅም ብለን መዝግበናል። ካሴታውን በሁለት ሳጥን መካከል አቁሜ፣ እሱንም አቁሜ አነሣሁት። በጉልበቱ የውስጥ ጎን ያለው ክፍተት በመጠኑ የጠበበ መሰለኝ። ዶቶሬ አልመሰለውም። አጉሊ መነጽር አመጣ፤ ያን ጊዜ መሰለው፤ ቆይቶ ደግሞ አልመሰለውም። በመጨረሻ "ምናልባት" ብለህ ጻፍ አለኝ።

ሹሙ ምናልባት የሚባል የሥራ መደብ የለንም ብሎ ወረቀቱን መለሰው።

ኣያ ተኽለ ሁለት ክረምት ሲሚንቶ ተሸከመ። በሦስተኛው ዓመት በምርኩዝ መጣ። ተኝቶም ተነሣ፣ ቆሞም ተነሣ፤ የፈለግነው ሁሉ ነበረ። ክፍተቱ ጠፍቷል፣ እሾሁ በቅሏል። ዶቶሬ "ኤኮ" አለ፤ ይኸው ማለቱ ነው። እኔም ፊልሙ በመጥራቱ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ያወቅሁት ዞር ብዬ የኣያ ተኽለን ፊት ሳይ ነው።

የድሮውን ፊልም አውጥቼ ከአዲሱ ጎን ሰቀልኩና መቼ ጀመረ ብዬ ዶቶሬን ጠየቅሁት። ሲሚንቶው ያመጣው ነው ወይስ ያኔም ነበረ? ሁለቱንም በአጉሊ መነጽሩ አየ። አላውቅም አለኝ። ከዚያ በፊት ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ሹሙ አዲሱን ወረቀት አይቶ በዚያው ቀን ፈርሞ መቁረጫው ላይ አስቀመጠው። ኣያ ተኽለ የወረቀቱን ግልባጭ ሊወስድ ሲመጣ ሁለቱን ፊልሞች አየ።

"አሁን ታየ?" አለኝ።

"ታየ።"

"እኔ ያኔ ነግሬህ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ሥራውን እስከተውኩ ድረስ "ደህና ነው" ብዬ አልጻፍኩም። "በፊልሙ ላይ አልታየም፤ ሰውየው ግን ያመዋል" እል ነበር። ብዙዎቹ ወረቀቶች ግልጽ አይደሉም ተብለው ተመለሱብኝ።

አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ከዚያ ሙያ ይዤ የወጣሁት ይህንኑ ነው። ሸኽ ይማምን ለምን እንዳላመማቸው ግን ዛሬም አላውቅም።