የማር ነጋዴው ጣት

የላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩት ሽንት በማፍላት ነው። ለመቀለድ አይደለም። በዚያን ዘመን እኛ ሆስፒታል ስኳር የሚመረመረው እንዲህ ነበር፤ ሰማያዊ የቤኔዲክት ፈሳሽ በመስታወት ቲዩብ ይቀዳል፣ ጥቂት የሽንት ጠብታ ይጨመርበታል፣ በእሳት ይፈላል። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም። ወደ አረንጓዴ ካደላ ጥቂት አለ። እንደ ሸክላ ከቀላ ብዙ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ታደለ ቲዩቡን በመቆንጠጫ አስይዘውኝ ከጎኔ ቆሙ። ፈሳሹ ቀላ።

"ስኳር አለበት!" አልኩ፤ ከኮሌጅ መምጣቴ እንዲታወቅልኝ ጮክ ብዬ።

"ምኑ?"

"ሽንቱ።"

"ሰውዬውስ?"

ቲዩቡን መልሼ አየሁ።

"አንተ ልጅ፣ ቲዩቡ የነገረህ ስለ ቲዩቡ ነው። ሰውዬው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ምን በልቶ እንደመጣ ጠይቀኸዋል?"

አለቃ መፈላሰፍ ሲጀምር ሥራ ይበዛል ብዬ አሰብኩና ሌላ ቲዩብ አነሳሁ።

ጋሽ ታደለ ጡረታ ወጡ። ቤኔዲክቱም ተከተላቸው። እኔ ከሆስፒታሉ ለቅቄ ቦንጋ ገበያ አጠገብ ያለች አነስተኛ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ገባሁ። አሁን ስኳር የሚለካው እጅ ውስጥ በምትገባ ግሉኮሜትር ነው። ጣት ላንሴት በምትባል ትንሽ መርፌ ይወጋል፣ የደም ጠብታው ማሽኑ ላይ በተሰካች ቀጭን ስትሪፕ ላይ ይደረጋል፣ ወዲያው ቁጥር ይወጣል። ሕመምተኛው ቁጥሩን አይቶ "ማሽን አይዋሽም" ይላል። ቁጥሩ ካልጣመው ደግሞ "ማሽኑ ተበላሽቷል" ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ማሽን እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ነው፤ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። እዚህ ጠብታ ውስጥ ስንት ስኳር አለ ብለህ ጠይቀኸዋል። ጠብታው ምን ነክቶ እንደመጣ አልጠየቅከውም።

ይህን በደንብ ያስተማሩኝ የማር ነጋዴው ጋሽ ገብሬ ናቸው። የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት እሳቸው ስለሆኑ ታሪኩም የሳቸው ነው።

ጋሽ ገብሬ ማር የሚገዙት ማንኪራና ከዚያ ወዲያ ባለው ጫካ ዛፍ ላይ ቀፎ ከሚሰቅሉ ገበሬዎች ነው። ሌላው ነጋዴ ማሩ ገበያ ድረስ እስኪመጣለት ይጠብቃል። እሳቸው ሄደው፣ ቀፎው ሲወርድ ቆመው አይተው ይገዛሉ። "እኔ ማር በእግሬ ነው የምገዛ" ይላሉ፣ የአፍ መፍቻቸው የካፊኖኖ ዜማ ባለው አማርኛቸው። የሳቸው ነጭ ማር ገበያ ላይ የሚከበረውም ለዚህ ነው።

ማር የሚፈትኑት በጣት ነው። በሌባ ጣታቸው ጥቂት አንስተው ከአውራ ጣታቸው ጋር እያሹ ይስባሉ። ክሩ ቶሎ ከተበጠሰ ማሩ ቀጥኗል፤ ከሻከረ ነገር አለበት። ድሮ ከዚያ በኋላ ጣታቸውን ይልሱ ነበር። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከተነገራቸው ወዲህ ግን አንዲት ጠብታ አልላሱም። ጣታቸውን ኮታቸው ላይ ይጠርጋሉ። ይህን ጽድቃቸውን ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ራሳቸው ስለሚናገሩ።

አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ግሉኮሜትር ላከችላቸው። መከራው ያን ጊዜ ጀመረ።

"ዶክተር፣" አሉኝ አንድ ቀን። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለቦንጋ ሰው ዶክተር ነው፤ ማስተባበሉን ትቻለሁ። "እኔ ሁለት ሰው ነኝ እንዴ?"

"እንዴት?"

"የቀጠሮ ቀን እናንተ ጋ መቶ አሥራ ስምንት። የገበያ ቀን በራሴ ማሽን ከሦስት መቶ በላይ። የገበያው ገብሬ ሊሞት ነው፤ የቀጠሮው ገብሬ ሚስት ሊጨምር ነው።"

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጎናቸው ነበሩ። "የቀጠሮውን ስጡኝና የገበያውን ውሰዱት" አሉኝ።

"ደግሞ ራቴን ሳልበላ አድሬ ጠዋት ጨምሮ አገኘሁት" ቀጠሉ ጋሽ ገብሬ። "ማን አበላኝ?"

"ጉበትዎ። ሆድ ባዶ ሲሆን ካስቀመጠው ስኳር እያወጣ ደም ውስጥ ይለቃል። ንጋት ላይ ይበረታል።"

"ሌባ ነዋ!"

"ሌባ ሳይሆን መጋቢ ነው። ስንት እንደሚበቃዎ ማወቁን ግን ትቷል።"

ስኳር መዋዠቁ በራሱ አያስገርምም። ጤነኛም ሰው ሲበላ ከፍ ይላል፣ ሲሠራ ዝቅ ይላል። ዓይነት ሁለት ያለበት ሰው ደግሞ ጉንፋን ሲይዘው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሲናደድ፣ ኪኒን ሲዘል፣ ቆጮውን ጨመር አድርጎ ሲበላ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከመቶ አሥራ ስምንት ወደ ሦስት መቶ ሰማንያ እየዘለለ በሳምንቱ የሚመለስ፣ ያውም ልክ በገበያ ቀን የሚዘል ግን ሌላ ነገር አለው።

የቀጠሮውን ቁጥር ምሥጢር አውቀው ነበር። እኛ ጋ ሕመምተኛ ለቀጠሮ የሚዘጋጀው ለንስሐ እንደሚዘጋጅ ነው። ጋሽ ገብሬ ሁለት ቀን አስቀድመው ቆጮውን ትተው ጎመን ይበላሉ፣ በእግር ብዙ ይሄዳሉ፣ በባዶ ሆድ፣ ታጥበውና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ይመጣሉ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ "ጎበዝ!" ትላቸዋለች። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ "ጎበዝ" የምትለዋ ቃል በስኳር ሕመምተኛ ላይ ያደረሰችውን ጉዳት ማር አላደረሰም።

የገበያውን ቁጥር ምሥጢር ግን አላወቅኩም ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ጋሽ ገብሬ በሰው ተደግፈው በባጃጅ መጡ። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቃላቸው ይጎተታል። ያመጧቸው ሰዎች ጋሽ ገብሬ ጠጅ ጠጥተው ነው ብለው እየሳቁ ነበር። እትዬ አስካለ አልሳቁም።

"ማሽኑ ከፍ አለ ብሎ ኪኒኑን ደረበ። ምሳም እንቢ አለ። ሲንዘፈዘፍ ሳየው ማር አላስኩት።"

"አላሰችኝ!" አሉ ጋሽ ገብሬ በዚያ በተጎተተ አፍ። "ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቄ... አላሰችኝ!"

ጣታቸውን በአልኮል ጥጥ ጠርጌ ወጋሁ። ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት። ቁጥሩን ለክሊኒካችን ሐኪም ለዶክተር ሰናይት አሳየኋት። በዕድሜ ከእኔ በብዙ ታንሳለች፤ የማትቸኩል ናት። ቁጥሩን አየች፣ ሰውዬውን አየች።

"ይህ ላብ የስኳር ማነስ ላብ ነው። ቁጥሩን አላመንኩትም። ከክንድ ቀድተህ ድገመው።"

ደም ለመቅዳት ክንዳቸውን በቱርኒኬት ሳስር አንዲት ንብ በመስኮት ገባች። ኮታቸውን ዞረችና መጥታ እዚያው የወጋሁት ሌባ ጣት ላይ አረፈች። ሁላችንም አየናት።

ከክንዳቸው የቀዳሁት ደም ሃምሳ ስምንት አለ። ዶክተር ሰናይት ወዲያው ስኳር በውሃ አስበጥብጣ አጠጣቻቸው። እኔ እጃቸውን በሳሙናና በውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ያንኑ ጣት እንደገና ወጋሁ። ስድሳ አንድ። አልኮል ጀርም ይገድል ይሆናል እንጂ ማር አያጥብም። ድሮ ጣታቸውን ሲልሱ ማሩ ወደ ሆዳቸው ይገባ ነበር። መላሱን ሲተዉ ጣታቸውና በሚጠርጉበት ኮት ላይ ቀረና በጠብታው በኩል ወደ ማሽኑ ገባ። ማሽኑ የገበያውን ማር እየለካ ነበር። እሳቸው ደግሞ ለገበያው ማር ኪኒን ይውጡ ነበር።

ነፍሳቸው ስትመለስ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አፈጠጡ፤ ቀጥለው በጣም ሳቁ።

"እንግዲያ በሽታው ኮቴ ላይ ነዋ!"

"አይደለም። ትርፉ ቁጥር ነው ኮትዎ ላይ ያለው። በሽታው ደምዎ ውስጥ ነው።"

"ስንቱ ነው ትርፉ? ስንቱ ነው የእኔ?"

ጥያቄው ትክክል ነበር። ዶክተር ሰናይት መለሰችላቸው። "የቀጠሮ ቀን ያለውም ሙሉ በሙሉ የእርስዎ አይደለም፤ ጾመው ነው የሚመጡት። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳይ ምርመራ አለ። ደምዎን ጅማ እንላክ። እሱን የትናንት ጎመን አያታልለውም።"

"የቦንጋውን ማሽን ማር ካታለለው፣ የጅማውን ደግሞ ምን እንደሚያታልለው ማን ያውቃል?" አሉና ኮታቸውን አንስተው ወጡ።

ሰው ከተነገረው ውስጥ የሚወደውን ግማሽ ይዞ ነው የሚሄደው። የተማረውም ያልተማረውም እኩል ነው፤ እኔም ሳነብ እንደዚያው አደርጋለሁ። ጋሽ ገብሬ ይዘው የሄዱት ትልቁ ቁጥር ሐሰት ነው የሚለውን ነበር። ገበያ ላይም አወሩት። ብዙም ሳይቆይ በአካባቢው ስኳር ያለበት ሁሉ፣ ማር ነክቶ የማያውቀው ልብስ ሰፊ ሳይቀር፣ ቁጥሩ ሲበዛ "የእጅ ስኳር ነው" ይለኝ ጀመር።

እትዬ አስካለ ብቻቸውን መጥተው የነገሩኝ ሌላ ነው። "እጁን ታጥቦ ለካ፤ ሁለት መቶ ምናምን አለው። እንደገና ታጥቦ ለካ፤ ያው ነው። ከዚያ ማሽኑን ሣጥን ውስጥ ከተተው። ኪኒኑንም ቀጠሮ ሲደርስ ብቻ ነው የሚውጥ። እኔ ስናገር ትቆጪያለሽ ይለኛል... እናንተ ንገሩት እንጂ።"

ነገርናቸው። በቀጠሯቸው ቀን ዶክተር ሰናይትም እኔም ደጋግመን ነገርናቸው። "ቁጥሬ ስንት ነው ዛሬ?" አሉ። መቶ ሠላሳ ነበር። "ታዲያ!" ብለው ተነሡ።

ክረምት ገባ። ጋሽ ገብሬ እንደ ልማዳቸው ቦት ጫማ አጥልቀው ማንኪራ ሄዱ። ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አሥር እርምጃ ሳይሄድ ያወጣዋል። የሳቸው እግር ግን መስማት ትቶ ነበር፤ ስኳር ሲቆይ የሚያደርገው አንዱ ይህ ነው። ጠጠሩን ረግጠውት ሄዱ፣ ረግጠውት ተመለሱ። እትዬ አስካለ ካልሲው ላይ ደም አዩ። "ምንም አይለኝም" አሏቸው። እውነታቸውን ነበር።

እኛ ጋ የመጡት ቁስሉ መሽተት ከጀመረ በኋላ ነው። ሳልጠይቃቸው ወደ ቧንቧው ሄደው በሳሙና ታጠቡ። ወጋሁ። ማሽኑ ቁጥር አላወጣም፣ ፊደል አወጣ።

"ምን ይላል?"

"መቁጠር ከሚችለው በላይ ነው።"

"ቆይ፣ እንደገና ልታጠብ።" ታጠቡ። ወጋሁ። ያው ፊደል ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሄደው ቧንቧው ስር ቆሙ፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር ያሹ ነበር። እትዬ አስካለ ሄደው ቧንቧውን ዘጉት።

"ይበቃል ገብሬ። ነጽቷል።"

ጅማ ተላኩ። እዚያ ደማቸውን ወስደው መጀመሪያ ከሠሩላቸው ምርመራዎች አንዱ እኛ ስንለምናቸው የነበረው የሦስት ወሩ ነው። እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

አሁን ጋሽ ገብሬ ገበያ ላይ ቁጭ ብለው ማር ይጠብቃሉ። ገበሬው ያመጣላቸዋል። በጣታቸው ያሹታል፣ ይስቡታል። አንዳንድ ጊዜ ይታለላሉ፤ ቀፎው ሲወርድ አላዩትማ። ደንበኛው ያውቃል፤ የነጭ ማራቸውን ስም አሁን የሚያነሳው በአላፊ ጊዜ ነው።

ባለፈው ሰሞን በክራንች መጡ። ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ተቀመጡና ጣታቸውን ሳይዘረጉ መናገር ጀመሩ።

"ትናንት ቆጮ በልቻለሁ፣ ብዙ። ዛሬ ጠዋት ኪኒን ረስቻለሁ። ከትናንት ወዲያ ከአስካለ ጋር ተጣልተን አልተኛሁም። ለዛሬው አልጾምኩም። አሁን ውጋ።"

ወጋሁ። ሁለት መቶ አርባ አንድ።

"ጎበዝ ነኝ?" አሉኝ።

"አይደሉም።"

"እሺ። ጻፈው።"

ጻፍኩት። ከእሳቸው ጣት ካወጣኋቸው ቁጥሮች ሁሉ ዶክተር ሰናይት መድኃኒት ልታስተካክልበት የቻለችው የመጀመሪያው ይህ ነው።

ከሥራ ዘመኔ የያዝኩት ትምህርት ረጅም አይደለም። ከመወጋት በፊት እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቁጥር የዚያ ሰዓት ቁጥር ነው፤ ከዚያ በፊት የሆነውን ተናገሩ። ያስደነገጣችሁን ቁጥር በምትጠራጠሩበት ልክ ደስ ያሰኛችሁንም ተጠራጠሩ።