ማርቆስ የሰረዘው ረቡዕ

ይህ የደረሰብኝ በ2008 ዓ.ም. ነው። በምዕራብ ዓባያ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ባይታወሰኝ ደስ ባለኝ።

ያን ጊዜ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ማርቆስ ሲቀላ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ለአንድ የሙዝ አምራቾች ማኅበር የሠራነው ፕሮግራም የጭነት መኪናው የሚመጣበትን ቀን ለገበሬዎቹ በሞባይል መልእክት ያሳውቃል። እነሱም በዋዜማው ሙዛቸውን ይቆርጣሉ።

ማርቆስ ጋሞኛ ስለሚችል ብዙ ጊዜ ገበሬዎቹ ዘንድ ምዕራብ ዓባያ ነበር የሚውለው። እዚያ ኢንተርኔት እንደልብ ስለማይገኝ በየላፕቶፓችን እንሠራና ኋላ ሥራችንን እናዋህዳለን። አንድ ቦታ ላይ የተለያየ ነገር ጽፈን ከተገኘ የምናዋህድበት ፕሮግራም ቀጥ ብሎ የማንን ልያዝ ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ሳምንት ማኅበሩ መኪናው ረቡዕ ይመጣል ስላለኝ ረቡዕ ብዬ አስገባሁ። በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ዓርብ መሆኑን ለማርቆስ ነገሩት። እሱም የኔን ረቡዕ ሰርዞ ዓርብ አደረገውና ኢንተርኔት ሲያገኝ ላከልኝ። ላዋህደው ስል ማዋሃጃው ፕሮግራም እዚያ ላይ ቆመ። የማርቆስን ዓርብ ሳየው የባለፈው ሳምንት ቀን መሰለኝ። ስልኬ አጠገቤ ነበር፤ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። ምሳ ሰዓት ስለደረሰ የራሴን መረጥኩና ወጣሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ማርቆስ ደወለ። አልጮኸብኝም። ገበሬዎቹ ሙዛቸውን መንገድ ዳር ከምረው መኪና እየጠበቁ መሆኑን ብቻ ነገረኝ። ዓርብን ወዲያው መለስኩት፤ ማዋሃጃው ፕሮግራም የተሰረዘውን ሁሉ ስለሚያስቀምጥ ምንም አልከበደኝም። ሙዙ ግን ተቆርጧል።

በማግስቱ ሄድኩ። ሙዙን በቅጠል ቢሸፍኑትም ፀሐይ መትቶታል። ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ ገበሬ ከክምራቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ማርቆስ ፕሮግራሙን ከሠሩት አንዱ መሆኔን ነገራቸው። እሳቸውም በአማርኛ ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁኝ።

“ሲስተሙ ተሳስቶ ነው፣ እማማ” አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። “ማሽን ነው፣ ይሳሳታል። አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ? ይሄን ሁሉ መንገድ መምጣትህም ትልቅ ነገር ነው።”

ከክምሩ ያልተጎዳ ዘለላ መርጠው ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ማርቆስ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ሚኒባስ ውስጥ ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ “የከፋኝ ሥራዬን መጣልህ አይደለም” አለኝ። “ለሳቸው ያልከው ነው።”

ለማኅበሩ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ። ዛሬ የሌላ ሰው ሥራ ከኔ ጋር ሲጋጭ ሳልደውል አልወስንም። ወይዘሮ አልማዝ ጋ ግን አልተመለስኩም። የዚህ ሳምንት፣ የሚቀጥለው ሳምንት ስል ዓመታት ሄዱ። እሳቸው እስከ ዛሬ የሚያውቁት ማሽኑ እንደተሳሳተ ነው።